ስለ ፉክክር የሚነገሩ የእንግሊዝኛ ቃላትና የኢሉባቦር ታሪክ

የእንግሊዝን የመንግሥትና የቆንስላ ጽሑፎች እየመረመረ የኢሉባቦርን ታሪክ በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ከሚያስቸግሩት ቃላት አንዱ «ራይቫል» የሚለው ነው። ይህን ቃል አንዱ ተርጓሚ ተወዳዳሪ፥ ሌላው ባላንጣ፥ ሦስተኛውም ጠላት ይለዋል። ነገር ግን ቃሉ በተለወጠ ቁጥር ታሪኩም አብሮ ይለወጣል፤ የንግድ ተካፋይ የነበረው የጦር ጠላት፥ የጦር ጠላት የነበረውም የንግድ ተካፋይ መስሎ ይታያል። ስለዚህ አስቀድሞ የቃላቱን ፍች መለየት ይገባል።

በላቲን ቋንቋ «ሪቩስ» ጅረት ማለት ሲሆን፥ «ሪቫሊስ» ከጎረቤቱ ጋራ በአንድ ጅረት የሚጠቀም ሰው ማለት ነበር፤ የሮማ ሕግ ዐዋቂዎችም በዚሁ ፍች ጽፈውታል። የቴያትር ደራስያን ደግሞ ቃሉን አንዲትን ሴት ለሚወዱ ሁለት ወንዶች አዋሉት። በ16ኛው መቶ ዓመት ወደ እንግሊዝኛ ከገባ በኋላ እንኳ የባልንጀርነት ፍቹ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ሼክስፒር በ«ሐምሌት» መጀመሪያ ላይ አብረው ዘብ የሚቆሙትን ሰዎች በዚህ ቃል ይጠራቸዋል። «ኮምፔቲተር» በሥረ ነገሩ ከሌላው ጋራ አንድ ነገር የሚሻ፥ «አድቨርሰሪ» ደግሞ ፊቱን በሌላው ላይ ያዞረ ማለት ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ምንጭን መጋራት፥ ሁለተኛው አንድ ነገርን መሻት፥ ሦስተኛው ፊት ለፊት መጋጠም ነው።

አማርኛም ቢሆን በዚህ ረገድ ድኻ አይደለም። ተወዳዳሪ «ወደር» ከሚለው ጋራ ዝምድና ስላለው እኩያነትን ያመለክታል። ተፎካካሪ ፉከራን ያስታውሳል፤ ፉከራም ሰሚ ይሻል። ጣውንቶች የሚጣሉት አንድ ባል ስለሚጋሩ ነው። በችሎት የሚቆመው ባላጋራም በስሙ ውስጥ «ጋራ» የሚል ቃል ይነበብበታል። ባላንጣ ግን መጋራትን ሳይሆን ቂምን ያመለክታል። በአገሩ በሰፊው የሚነገረው ኦሮምኛም ውድድርን «ዶርጎሚ»፥ እልህ ያለበትን ፉክክር «ሞርኪ» ብሎ ይለያቸዋል።

ይህ ልዩነት በኢሉባቦር ምድር ላይ በግልጥ ይታያል። በመቱ አጠገብ የሚያልፈው የሶር ወንዝ ወደ ገባ ይገባል፤ ገባም ከብርብር ጋራ ተገናኝቶ ባሮ ይሆናል፤ ባሮም በሶባት አድርጎ ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል። በ1890 ዓ.ም. ደጃዝማች፥ ኋላም ራስ ቢትወደድ፥ ተሰማ ናደው ያዘመቱት ጦር ይህንኑ የውሃ መንገድ ተከትሎ፥ ከእርሱ የተከፈለ ወገን በሰኔ ወር ከሶባት መጋጠሚያ አጠገብ ከነጭ ዓባይ ደረሰ። ከጦሩ ጋራ ፈረንሳውያን ነበሩ፤ ሆኖም የማርሻን ጓድ ፋሾዳ የገባው እነርሱ ከተመለሱ በኋላ በሐምሌ ነው። ፈረንሳይና እንግሊዝ በመስከረም 1891 በፋሾዳ ፊት ለፊት ሲፋጠጡ «አድቨርሰሪ» የሚለው ስም ይገባቸው ነበር፤ ኢትዮጵያ ግን ከእንግሊዝ ጋራ አልተዋጋችም።

በኢትዮጵያና በእንግሊዝ መካከል የነበረው ነገር በግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በተደረገው ውል ይታወቃል። በሦስተኛው ክፍል ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋራ ሳይስማሙ በጥቁር ዓባይ፥ በጣናና በሶባት ላይ ውሃውን የሚያቆም ሥራ እንዳይሠራ ተስማሙ። በአራተኛው ክፍል በኢታንግ አቅራቢያ በወንዙ ዳር ከ2,000 ሜትር፥ በስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ የንግድ ቦታ ተፈቀደ፤ ቦታውም ለፖለቲካ ወይም ለጦር ሥራ እንዳይውል ተከለከለ። ጣቢያው የተቋቋመው ግን በጋምቤላ ነው። ይህ ሁሉ «ሪቫሊስ» በሮማ ሕግ ከነበረው ፍች ጋራ አንድ ነው፤ ሁለት ወገኖች በአንድ ውሃ እየተጠቀሙ አንዱ የሌላውን እጅ ይጠባበቃል። ጋምቤላም ሱዳን ነጻ ከወጣች በኋላ በ1949 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ።

የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ሌላ ዐይነት ፉክክር ተጨመረ። በክረምት የባሮ መርከቦች፥ በምሥራቅ የጅቡቲ ባቡር፥ የምዕራቡን ቡና ሁለቱም ይሹት ነበር፤ «ኮምፔቲተር» ማለት ይህ ነው። በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ከወጡ በኋላ በጎሬ በቢትወደድ ወልደ ጻድቅ የሚመራ መንግሥት ቆመ፤ የኢጣልያ ጦር በኅዳር 1929 ጎሬን ያዘ። እዚህ ላይ ማለዘብ አያስፈልግም፤ ትክክለኛው ቃል ጠላት ነው።

ጎሬና መቱን በተመለከተ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በመካከላቸው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ያለው እነዚህ ከተሞች በአንድ የቡና አገር ይኖራሉ፤ የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫም ከጎሬ ወደ መቱ ተዛውሯል። ይህን ባላንጣነት ብሎ የሚጽፍ ሰው በጎረቤታሞች መካከል ያልነበረ ቂም ይተክላል፤ ተወዳዳሪነት ቢለው ግን ሁለቱንም እኩያ አድርጎ ያከብራቸዋል። አንባቢ ዋናውን ሰነድ ሊያይ ስለማይችል፥ በተርጓሚው ብዕር የገባው ጠብ ለልጅ ልጅ እንደ ታሪክ ይተላለፋል። ስለዚህ የታሪክ ጸሓፊ «ራይቫል» የሚለውን ቃል ባገኘ ጊዜ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፥ እነዚህ ሰዎች የሚጋሩት ምንድን ነው? ብሎ ነው።