ድር ቢያብር

ነባር መምህራን «የቡድን ትምህርት» የሚል ቃል በሰሙ ቍጥር ፊታቸው ለምን እንደሚጠቍር ዘወትር ያሳስበኛል። የባንክ ጸሐፊ እንጂ መምህር አይደለሁም። ሆኖም ቅኔን የሚወድድ ሰው፣ ቅኔ የሚወለድበትን ጉባኤ ሥርዓት ሳይመረምር ሊያልፍ አይቻለውም።

በቅኔ ቤት የኔታ አገባቡንና ምሥጢሩን በጉባኤ ይገልጣሉ። ጀማሪው ግን የቈጠረውን ቅኔ አስቀድሞ የሚነግረው ለአስነጋሪው ነው፤ አስነጋሪውም ራሱ ተማሪ ነው። በንባብ ቤትም ፊደል የለየው ልጅ ያልለየውን ያስቈጥራል። ተማሪ ከተማሪ መማሩ እንግዲህ ለአገራችን እንግዳ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1971 በቴክሳስ፣ ኦስቲን ከተማ፣ ነጮች፣ ጥቁሮችና የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ልጆች በአንድ ክፍል እንዲማሩ ሲደረግ ጠብ ተነሣ። የሥነ ልቡና ምሁሩ ኤልየት አሮንሰን ክፍሎቹን ሲመለከት፣ ልጆቹ መምህሩን ለማስደሰት እጅ በማውጣት ሲሽቀዳደሙ፣ የአንዱ መሳሳትም ለሌላው ደስታ ሲሆን አየ። ስለዚህ ትምህርቱን ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ልጅ አንዳንድ ቍራጭ ሰጠ። ሙሉውን የሚያውቅ ማንም የለም፤ ሁሉም ካልተደማመጠ ሥዕሉ አይገጥምም። እንግሊዝኛው የሚተናነቀውን ልጅ ያፌዙበት የነበሩ ጓደኞቹ በትዕግሥት ይጠይቁት ጀመር። ይህ ዘዴ «ጂግሶው» ተባለ።

በእኛ አገር የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ በኋላ፣ በተለይም እ.ኤ.አ. በ2003 ለመምህራን አሠልጣኞች የከፍተኛ ዲፕሎማ መርሐ ግብር ሲጀመር፣ «አሳታፊ የማስተማር ዘዴ» የስብሰባው ሁሉ ቃል ሆነ። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት ደግሞ «አንድ ለአምስት» መጣ። በገበሬው መንደርና በመሥሪያ ቤቱ የተዘረጋው አደረጃጀት በትምህርት ቤትም ተዘረጋ። እኔም ከተደራጁት አንዱ ነበርሁ። በእኛ ቡድን ጐበዙ ይሠራል፤ አምስታችን ስማችንን እንጽፋለን። መምህራችን ቅጹን እየሞሉ ለበላይ ያቀርባሉ። ከጥናቱ ይልቅ መተዛዘቡ ይበዛ ነበር።

ልዩነቱ ከቍጥሩ አይደለም፤ የአሮንሰንም ቡድን አምስት ስድስት ልጅ ነው። ልዩነቱ ዕውቀቱ ከማን ዘንድ እንደተቀመጠ ነው። በአንድ ለአምስት ከአንዱ ራስ ላይ ተከመረ፤ በጂግሶው ለሁሉም ተከፈለ። የቅኔው ቤት ተማሪም የሚቀርበው የራሱን ቅኔ ይዞ ነው፤ አስነጋሪው ሊያርምለት እንጂ ሊቈጥርለት አይችልም።

ስለዚህ ሃያ ዓመት ጠመኔ የጨበጡ መምህር አዲሱን ዘዴ ሲጠራጠሩ «ለውጥ ጠል» ለማለት አልቸኩልም። ያዩት ዘዴውን ሳይሆን ቅጹን ነበርና። አሠልጣኙ ከቅጹ በፊት እያንዳንዱ ልጅ ከጓደኞቹ የማይገኝ ምን ይዞ ወደ ቡድኑ እንደሚገባ ያሳያቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ተባለ እንጂ፣ ድር ቢታዘዝ አልተባለም።