ከዳግላስ ከረጢት እስከ እጅ ሰዓት፦ የኤሮቢክ አቅም ግምት አጭር ታሪክ

በአሁኑ ዘመን ሕመምተኛ የእጅ ሰዓቱ የሰጠውን «ቪኦቱ ማክስ» የተባለ ቁጥር ይዞ ወደ ሐኪም መቅረቡ እንግዳ ነገር አይደለም። ቁጥሩ ሰውነት በብርቱ እንቅስቃሴ ወቅት ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት በደቂቃ ሊጠቀምበት የሚችለውን ከፍተኛ የኦክስጅን መጠን በሚሊሊትር ያመለክታል። ይሁንና ሰዓቱ የሚተነፈሰውን አየር አይለካም። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ለመረዳት መቶ ዓመት ያህል ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

እንግሊዛዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ አርኪባልድ ሂልና ባልደረባው ሃርትሊ ሉፕተን እ.ኤ.አ. በ1923 ባሳተሙት ጥናት፣ የሯጩን ትንፋሽ በጀርባው በተሸከመው የዳግላስ ከረጢት ሰብስበው መረመሩ። ፍጥነቱ ሲጨምር የኦክስጅን ፍጆታው ይጨምራል፤ ከአንድ ደረጃ በኋላ ግን ከፍ እንደማይል ተገነዘቡ። ሯጩ ሂል ራሱ ሲሆን፣ ጣሪያው በደቂቃ 4 ሊትር ያህል ነበር።

ይህ ምርመራ ተመርማሪውን እስከ መጨረሻው ማድከም ስለሚጠይቅ ለብዙኃኑ አይመችም። ስዊድናውያኑ ፐር-ኦሎፍ ኦስትራንድና ኢርማ ሪሚንግ እ.ኤ.አ. በ1954 ሌላ መንገድ አቀረቡ። በመካከለኛ ሥራ ላይ የልብ ምትና የኦክስጅን ፍጆታ ጎን ለጎን ስለሚጨምሩ፣ ከልብ ምቱና ከሥራው መጠን ተነሥቶ ጣሪያውን ለመገመት የሚያስችል ኖሞግራም አዘጋጁ። አሜሪካዊው ሐኪም ኬኔት ኩፐር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1968፣ በ115 የአየር ኃይል አባላት ላይ ባደረገው ጥናት፣ በ12 ደቂቃ የተሮጠ ርቀት ከቤተ ሙከራው ልኬት ጋር በእጅጉ እንደሚዛመድ አሳየ።

የዛሬው ሰዓት የእነዚህ ወራሽ ነው። በጀርባው ያለው አረንጓዴ ብርሃን ከቆዳ ሥር የሚፈሰውን ደም መለዋወጥ እየተከታተለ የልብ ምትን ይቆጥራል፤ የሩጫውን ፍጥነት ደግሞ ከሳተላይት ከሚያገኘው መረጃ ያሰላል። ከዚያም ለዚያ ፍጥነት የሚያስፈልገውን ኦክስጅን በቀመር ገምቶ፣ ልቡ እስከ ከፍተኛ ምቱ ቢደርስ ፍጆታው ስንት እንደሚሆን ይተነብያል።

የስሌቱ ደካማ ጎን እዚህ ላይ ነው። ከፍተኛው የልብ ምት በአብዛኛው የሚገመተው ከዕድሜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ከወጣው የፎክስና የባልደረቦቹ ጽሑፍ ወዲህ የተስፋፋው «220 ሲቀነስ ዕድሜ» የተባለው ቀመር ከአንድ ግለሰብ እውነተኛ ምት በ10 እና ከዚያም በላይ ሊለይ ይችላል። አቴኖሎል በሚወስድ የ50 ዓመት ሰው ላይ ስህተቱ ይብሳል። ቀመሩ 170 ይላል፤ መድኃኒቱ ግን ምቱን ያቀዘቅዘዋል። ሰዓቱ ይህንን ዝግታ እንደ ብርታት ቆጥሮ ከእውነተኛው አቅም የላቀ ቁጥር ይሰጣል። ሕመምተኛውም በቁጥሩ ተማምኖ የደረት ሕመምን ወይም የትንፋሽ ማጠርን ቸል ሊል ይችላል። በአንጻሩ ከቆላ መጥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ የሚሮጥ ሰው ቁጥሩ ዝቅ ቢልበት፣ ይህ የሰዓቱ ስህተት ብቻ አይደለም፤ በከፍታ የኤሮቢክ አቅም በእርግጥም ይቀንሳል።

የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መግለጫ የልብና የሳንባ ብቃት እንደ ሌሎቹ የሕይወት ምልክቶች በሕክምና እንዲመዘን አሳስቧል። ስለሆነም የጤና ባለሙያው የሰዓቱን ቁጥር ሊንቀው አይገባም፤ በተመሳሳይ ሁኔታ ለወራት ሲመዘገብ የለውጥን አቅጣጫ ሊጠቁም ይችላልና። ነገር ግን ከቁጥሩ አስቀድሞ ሕመምተኛው የሚወስደውን መድኃኒትና የሚሰማውን ስሜት መጠየቅ ይኖርበታል።