ፓፕ ወይስ ባቤሽ?

በደርግ ዘመን ሩማንያ ተልኮ ሕክምና ተምሮ የተመለሰ አንድ ወዳጅ አለኝ። ዓይኗ የፈጠጠ፣ አንገቷ ያበጠ የአንዲት ዘመዴን ነገር ሳነሣበት «ባዜዶቭ ነዋ!» አለኝ። እኔ ደግሞ ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ ያገኘሁት ስም «ግሬቭስ» ነበር። ሁለት በሽታ ያዛት ብዬ ደነገጥሁ። ኋላ ሲያስረዳኝ ለካ በሽታው አንድ ነው። የደብሊኑ ሐኪም ሮበርት ግሬቭስ እ.ኤ.አ. በ1835 ጻፈው፤ ጀርመናዊው ካርል ፎን ባዜዶቭ በ1840። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ግሬቭስን ይዞ ቀረ፤ የጀርመንን ሕክምና የተከተለው የአውሮፓ ክፍል ደግሞ ባዜዶቭን።

አማርኛችን ይህ ጣጣ እምብዛም የለበትም። በሽታን በመልኩ ወይም በሥራው ይጠራል፤ ቁምጥና፣ እንቅርት፣ የሚጥል በሽታ። የሰው ስም የሚመስል ቢኖር «አልማዝ ባለ ጭራ» ብቻ ትዝ ይለኛል። ከውጭ የመጣውን ግን «የፓርኪንሰን በሽታ» ስንል፣ በአንዲት «የ» ሐኪሙን የበሽታው ባለቤት እናደርገዋለን። እንግሊዝኛውም ያው ነው። ሩማንኛው «ቦአላ ፓርኪንሰን» ብሎ ስሙን እንዲያው ከበሽታው አጠገብ ማቆም ይችላል። ጄምስ ፓርኪንሰን ራሱ በ1817 የጻፈው ስለ «የሚያንቀጠቅጥ ሽባነት» ነበር፤ ስሙን ለበሽታው ያወጣለት ኋላ የመጣው ፈረንሣዊው ሻርኮ ነው።

ወዳጄን እልህ የሚያሲዘው ግን ሌላ ስም ነው። የማኅፀን በር ካንሰርን አስቀድሞ ለመለየት የሚደረገውን ምርመራ እንግሊዝኛው «ፓፕ» ይለዋል፤ አሜሪካ የኖረው የግሪካዊው የጆርጅ ፓፓኒኮላው ስም ቁራጭ ነው። ሩማንያ ውስጥ «ባቤሽ-ፓፓኒኮላው» ይባላል። ባቤሹ አውሬል ነው፤ የከብት በሽታ የሚያመጣው «ባቤዚያ» የተሰየመበት የዝነኛው የቪክቶር ባቤሽ የወንድም ልጅ።

አውሬል ባቤሽ ከማኅፀን ሐኪሙ ከኮንስታንቲን ዳንኤል ጋር ሆኖ ግኝቱን በጥር 1927 ቡካሬስት ላይ ለሙያ ጓደኞቹ አቀረበ። ቀለበት ባለው የፕላቲነም ሽቦ ከማኅፀን በር ሕዋሳት ወስዶ፣ መስታወት ላይ አድርቆና ቀለም ቀብቶ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ፓፓኒኮላው በበኩሉ በጥር 1928 ሚሺጋን ውስጥ፣ ባትል ክሪክ በተባለች ከተማ የራሱን ተናገረ። የባቤሽ ጽሑፍ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ፓሪስ ላይ በፈረንሳይኛ ታተመ። በሁለቱ መካከል ያለው እንግዲህ የአንድ ዓመት ልዩነት ነው።

ወዳጄ «ተሰረቀ» ይላል። እኔ አልቀበለውም። ፓፓኒኮላው ናሙናውን የሚወስደው በሌላ መንገድ ነው፤ ሳይደርቅ ነው የሚያቆየው፤ ቀለሙም ሌላ ነው። በ1928 የሰማውም ብዙ አልነበረም። ከኸርበርት ትራውት ጋር ሆኖ በ1941 እንደገና ባይጽፍ ኖሮ እሱም ይረሳ ነበር ብዬ አምናለሁ። ምርመራውን ለብዙ ሚሊዮን ሴቶች ያደረሰው ያ ሁለተኛው ጥረት ነው። ቀዳሚነቱ ግን የባቤሽ ነው፤ በእንግሊዝኛው ስም ውስጥ ይህ ጨርሶ አይታይም። እርግጥ ለግሪካዊውም ሙሉ ስሙ አልተረፈለትም።

ይህን ሁሉ ለወዳጄ ብነግረው፣ ቡናውን ፉት እያለ «ለእኛ ጭረቷ ትበቃናለች» አለኝ። «እኛ» ያለው ሩማንያዎችን ነው።