ክሎሮኪን በራያ ቆላ

የራያ ቆላ ለማሽላ የተመቸውን ያህል ለወባም ይመቻል። ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ገበሬው እየጠለፈ ማሳውን ያጠጣበታል፤ ክረምቱ ሲወጣ ያቆረው ውኃ ለትንኝ መራቢያ ይሆናል። ንዳድ የያዘው ሰው ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ቀምሶ፣ ጋቢ ደራርቦ ይተኛል።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የወባ መቆጣጠሪያ ሙከራ ከተጀመረባቸው ቦታዎች አንዱ ቆቦ-ጨርጨር ነበር (የራያው ጨርጨር እንጂ የሐረርጌው አይደለም)። ደንቢያ፣ የአዋሽ ሸለቆና ጋምቤላም ነበሩበት። በ1958 ወረርሽኙ ወደ ከፍታው አገር ወጥቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመና 150,000 ያህሉን እንደገደለ ይገመታል። በዓመቱ የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ፤ የየቤቱ ግድግዳ ዲዲቲ ይረጭ፣ ለታመመው ክሎሮኪን ይታደል ጀመር።

ክሎሮኪን በ1934 ጀርመን ውስጥ የተቀመመ፣ እጅግ መራራ ክኒን ነው። አንዳንዱን ሰው ገላውን እስኪቧጭር ያሳክከዋል።

አሠራሩ ግን ይገርማል። የወባ ተሕዋስ ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ሄሞግሎቢን ይበላል። ከምግቡ የሚተርፈው ብረት ያዘለ ሄም ለራሱ መርዝ ነው፤ ስለዚህ ወደማይሟሟ ጠጣር ይለውጠዋል። የላብራቶሪ ባለሙያ በማይክሮስኮፕ የሚያየው ጠቆር ያለ ነገር ይኸው ነው። ክሎሮኪን ተሕዋሱ ምግብ በሚፈጭበት አሲዳማ ከረጢት ገብቶ ይከማችና ይህን ለውጥ ያግዳል። ተሕዋሱ በገዛ ጉድፉ ተመርዞ ይሞታል።

ዘዴው ለዘላለም አልሠራም። ፋልሲፓረም የተባለው ዝርያ የከረጢቱን ግድግዳ ፕሮቲን ለውጦ መድኃኒቱን ወደ ውጭ መግፋት ቻለ። ይህን የቻለው መጀመሪያ በደቡብ ምሥራቅ እስያና በደቡብ አሜሪካ ነው፤ በ1980ዎቹ ኢትዮጵያም ውስጥ ታየ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፋንሲዳር ተተካ። እሱ ሄምን አይነካም፤ ተሕዋሱ ለመራባት የሚሠራውን ፎሌት ነው የሚያስተጓጉለው። ብዙም ሳይቆይ ተሕዋሱ ይኸኛውንም ተላመደውና በ2004 ኮአርተም መጣ። ከኮአርተም ሁለት ቅመሞች አንዱ የተገኘው ከቻይና የአሪቲ ዘመድ ቅጠል ነው፤ የሚቀሰቅሰውም ያው የሄሙ ብረት ነው።

ክሎሮኪን ግን ጨርሶ አልተጣለም። ቫይቫክስ ለተባለው ሌላው የወባ ዝርያ ዛሬም ይሰጣል። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ስለሚቆይና ክሎሮኪን እዚያ ያለውን ስለማይገድል፣ ትንኝ ዳግም ሳትነድፈው ሰውየው ከወራት በኋላ ሊታመም ይችላል። ጉበት ውስጥ ያደፈጠውን ለማጽዳት ፕሪማኪን ይጨመራል፤ እሱም ቢሆን በትውልድ የአንድ ኢንዛይም እጥረት ያለበትን ሰው ቀይ የደም ሕዋስ ሊያፈርስ ስለሚችል በጥንቃቄ ነው የሚታዘዘው።