በቆቦና በራያ ቆላ የትውልድ ቈጠራ አመዘጋገብ

በቆቦና በራያ ቆላ የቤተ ሰብን ታሪክ ከሽማግሌዎች አፍ የሚሰበስብ ሰው አስቀድሞ ሊመረምር የሚገባው፣ ትውልድ ለምን ይቈጠር እንደ ነበረ ነው። በሰሜኑ የርስት አገር ባለርስቱ የመሬት ድርሻውን ለማስረዳት በአባቱም በእናቱም ወገን እስከ ቀዳሚው አቅኚ ድረስ ይቈጥር ነበር። ስለዚህ ሐረጉ ትዝታ ብቻ ሳይሆን የዳኝነት ማስረጃ ነበረ፤ ማስረጃም እንደ መሆኑ ለክርክር የሚጠቅመው ስም ሲጠበቅ፣ የማይጠቅመው ሊዘለል ይችላል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ይህ ምክንያት ቀረ። ያን ጊዜ 20 ዓመት የሞላው ሰው ዛሬ ከ70 አልፏል፤ በችሎት ፊት ቆሞ ትውልዱን የቈጠረ ምስክርም ከቀን ወደ ቀን እያነሰ ይሄዳል።

ሽማግሌው ዘመንን የሚለካው በደረሰው ነገር ነው፤ ይኸውም ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በቈየው ክፉ ቀን፣ በ1928ቱ የማይጨው ጦርነት፣ በ1935 በተነሣው የወያኔ ዐመፅ ነው። ልደትና ጋብቻ ከነዚህ ጋር ሲነጻጸሩ ዓመቱ በግምት ይገኛል።

ከወያኔ ዐመፅ በኋላ በራያ መሬት ተወርሶ ለሌሎች ተሰጥቷል። መሬቱ የተወሰደበት ቤትና መሬቱን የተቀበለው ቤት ያለፈውን ዘመን በአንድ ቃል ይተርካሉ ተብሎ አይጠበቅም። አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ በሚገናኙበት በዚህ አገር፣ በአንድ ቤት ውስጥም ቢሆን የወንዶቹና የባልቴቶቹ ቃል ሊለያይ ይችላል። ሰብሳቢው አንዱን መርጦ ሌላውን ሊጥል አይገባውም፤ ሁለቱንም ከነተናጋሪው ዕድሜና ወገን ይጻፍ፤ ልዩነቱ ራሱ ታሪክ ነውና።