መዝገብ የሌለው ዘር፦ የሐይቅና የአምባሰል ውሻ

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ፣ ሐይቅ ከተማን አልፎ ውጫሌ እስኪደረስ፣ ውሻ የማይጮህበት መንደር የለም። ቁመቱ መካከለኛ፣ ጸጉሩ አጭር፣ ጅራቱ ወደ ላይ የተጠቀለለ ነው። አንዱ ቡላ፣ አንዱ ጥቁር፣ ሌላው ነጭና ጥቁር ይሆናል። ከፈረንጅ ውሻ ለመለየት ሰው ሁሉ የሀበሻ ውሻ ይለዋል። የዘር ወረቀት የለው፣ የትውልድ ሐረግ የለው፤ ታሪክ ግን አለው።

ውሻን በዘር ከፍሎ በመዝገብ መያዝ ራሱ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። የለንደኑ ኬኔል ክለብ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ ቪላዎች በር ላይ የሚታየውን የጀርመን እረኛ ውሻ ዘር ለመጠበቅ ማክስ ፎን ስቴፋኒትዝ የተባለ የጦር መኮንን ማኅበር ያቆመው እ.ኤ.አ. በ1899 ነበር። የሀበሻ ውሻ ግን ከዚህ ሁሉ እጅግ ይቀድማል። የውሻ ቅድመ አያት በአውሮፓና በእስያ የኖረው ግራጫ ተኩላ ነው፤ በአፍሪካ ምድር የተገኙት ጥንታዊ የውሻ አጥንቶችም ከግብፅ የወጡ ሲሆኑ ዕድሜያቸው ከ6 ሺህ ዓመት ይበልጣል። በወሎ ደጋ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ዘመዱ እንጂ አባቱ አይደለም።

በአምባሰል ቡችላን መርጦ የሚያዳቅል ባለሙያ አልነበረም። የመረጠው ሥራው ነው። ጅብ ሲመጣ ዝም ያለ፣ እንግዳን ከቤተሰብ ያልለየ፣ በትራፊ እንጀራና በአጥንት መኖር ያልቻለ ውሻ ዘር አይተካም። ጠባዩም ከዚያ የመጣ ነው፦ ተጠራጣሪ፣ ንቁ፣ ከመንከሱ በፊት የሚጮህ፣ ከአንድ ሰው ይልቅ ለግቢው የሚታመን። የፈረንጅ ውሻ የለመዱ ሰዎች ይህን ጠባይ ክፋት ይሉታል። ስህተት ነው። በገደላማው የአምባሰል ማሳ ላይ ዝንጀሮ ሰብል እንዳያወድም ከእረኛው ጋር የሚሯሯጥ፣ ሌሊት በረቱን የሚጠብቅ እንስሳ ለመጣው ሁሉ ጅራቱን ቢቆላ ለማን ይጠቅማል? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለው ተረት የሚወቅሰውም የዘገየውን ነው፤ ከውሻ የሚፈለገው ቀድሞ መጮህ ነውና።

የጅቡ ነገር እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። ከብት በደስታ በሽታ አልቆ ሕዝቡ በረሃብ ባለቀበት በክፉ ቀን ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892፣ አራዊት መንደር ገብተው ሰው ይበሉ ነበር። በዘመናችንም በትግራይ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት፣ ከጅብ ዐይነ ምድር የተገኘ ጸጉር ተመርምሮ፣ በሁዳዴ ጾም ሥጋና አጥንት ከየቤቱ መጣሉ ሲቀር ጅቦች ወደ አህያ እንደሚዞሩ አሳይቷል። በዚያው ወቅት አጥንት የሚጓደልበት ሌላው እንስሳ የክርስቲያኑ ቤት ውሻ ነው። ሆዱ ባዶ፣ ሥራው ግን ብዙ ይሆንበታል።

ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተጎራብተው በሚኖሩበት በዚህ አገር የውሻ ስፍራ በሁለቱም ሃይማኖት ከደጅ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባጸኑት በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይሁን በማናቸውም ደብር ውሻ መቅደስ እንዳይገባ ይጠበቃል። በሙስሊሙ ቤትም ውሻ የላሰውን ዕቃ ሰባት ጊዜ ማጠብ የታወቀ ሥርዓት ነው። ሆኖም ሁለቱም ወገኖች የሚያከብሩት ውሻ አላቸው። በመጽሐፈ ጦቢት ጦብያ ከመልአኩ ሩፋኤል ጋር ሲጓዝ ውሻው አብሮት ይሄዳል። በቁርኣን የዋሻው ምዕራፍ ደግሞ ለዘመናት የተኙት ወጣቶች ውሻቸው በደጃፉ ላይ ክንዶቹን ዘርግቶ አብሯቸው ነው። ሐዲሱም ለከብት፣ ለአደንና ለእርሻ ጥበቃ ውሻ መያዝን ይፈቅዳል። የወሎ ገበሬ ሃይማኖቱ ምንም ይሁን ምን ውሻውን ከደጅ አኑሮ ከብቱን በአደራ የሚሰጠው ከዚህ ጋር ተስማምቶ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል ውሻን ከጠባቂነት ወደ አስፈሪነት የለወጠው እብደቱ ነው። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እንደጻፉት፣ እ.ኤ.አ. በ1884 በብዙ የኢትዮጵያ ክፍሎች የእብድ ውሻ በሽታ በወረርሽኝ መልክ ተነሥቶ ነበር፤ ወሎም ከትግራይ፣ ከበጌምድርና ከጎጃም ጋር በሽታው ከታየባቸው አገሮች አንዱ ነው። ዘመኑ የአፄ ዮሐንስ 4ኛ ነው። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በጁላይ 1885፣ ሉዊ ፓስተር በፓሪስ በእብድ ውሻ የተነከሰውን ልጅ ጆሴፍ ማይስተርን ከተበ። ክትባቱ ኢትዮጵያ እስኪደርስ ግን ብዙ አሥርት ዓመታት አለፉ። የአገሬው ሰው እስከዚያ ድረስ በጠበልና በሥር ታመነ፤ አባሎና ይምድር እምቧይ ከታወቁት የባህል መድኃኒቶች ናቸው። በኋላ በአዲስ አበባ የፓስተር ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ሰፈሩ እስከ ዛሬ ፓስተር ይባላል። ከበግ አንጎል የሚሠራው ክትባት ለተከታታይ ቀናት ሆድ ላይ ይወጋ ስለነበር፣ ብዙ ሰው ከበሽታው ባልተናነሰ መርፌውን ይፈራ ነበር።

ውሻ ሰው ሲነክስ ሕጉም የውሻውን ባለቤት አልዘነጋም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 እንስሳ ላደረሰው ጉዳት፣ ከባለቤቱ ቁጥጥር ሳይታሰብ ያመለጠ ቢሆን እንኳ፣ ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርገዋል።

የእብድ ውሻ በሽታው በሰው ብቻ አይቆምም። በደቡብ ወሎ ቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው ቁጥሩ ከ500 በታች ነው። በባሌ ተራሮች ከእረኛ ውሾች የተላለፈው የእብደት በሽታ እ.ኤ.አ. በ1991–92 እና በ2003–04 ብዙ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። በዚያ የጥበቃ ሠራተኞች ከቀበሮው ይልቅ በዙሪያው ያሉትን የመንደር ውሾች በሰፊው ወደ መከተብ የገቡትም ስለዚህ ነው።

ዛሬ በዓለም በዚህ በሽታ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰው እንደሚሞት ይገመታል፤ አብዛኛው የሚያዘው ከውሻ ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው ሥር መስደድ ያቅተዋል። ቡችላ በሦስት ወሩ ይከተባል፤ ከዚያ በየዓመቱ ይደገምለታል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለም።