በሁለት ምላጭ ላይ የምትቀመጥ ፕሮፔለር

የአምስት ኪሎውን ዎርክሾፕ የረሳ የባቻችን ልጅ ያለ አይመስለኝም። ሞርሳ ላይ የታሰረ ብረት፣ እጅ የሚያሳብጥ ሞረድ፣ «ገና ነው፣ ቀጥ አላለም» የሚል አስተማሪ። «እኛ ኢንጂነር ልንሆን ነው እንጂ ቀጥቃጭ ልንሆን ነው እንዴ?» ያልን ስንቶቻችን ነን! አንዱ እኔ ነበርኩ። ሞረዱን የናቅሁበትን ዕዳ የከፈልኩት ከዛሬው የአንድ ብር ሳንቲም ትንሽ በምትበልጥ ፕሮፔለር ነው። ታሪኳን ለመናገር ግን ከእኔ በፊት የነበሩትን ማስቀደም አለብኝ።

የሚከተሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ፍራንሲስ ፔቲት ስሚዝ የሚባል እንግሊዛዊ ገበሬ በ1835 በስፕሪንግ የምትሄድ ትንሽ የሞዴል ጀልባ ሠርቶ ኩሬ ላይ ለቀቃት። በዚያ ዘመን የእንፋሎት መርከብ የሚነዳው በጎኑ በተገጠመ ትልቅ መቅዘፊያ ጎማ ነበር። ስሚዝ ግን ከጀልባዋ ኋላ እንደ ብሎን ጥርስ የተጠማዘዘ ነገር አደረገላት። በ1836 የፈጠራ መብት አገኘና ከፍ ያለች ጀልባ አሠራ። ጠመዝማዛው ከእንጨት የተሠራና ሁለት ሙሉ ዙር ያለው ነበር። በ1837 ፓዲንግተን ካናል ላይ ሲሞከር ግማሹ ተሰብሮ ወደቀ። ጀልባዋ በመቆም ፈንታ ጭራሽ ፈጠነች! ስሚዝ ከዚህ ስብራት የተማረውን ይዞ አርኪሜዲስ የተባለችው መርከብ ተሠራች፤ ኢንጂነር ብሩኔልም የእሷን አካሄድ አይቶ ግሬት ብሪቴን የተባለውን ግዙፍ መርከቡን ከመቅዘፊያ ጎማ ወደ ፕሮፔለር ለወጠው።

ሁለተኛው ሰው ቻርልስ ፓርሰንስ ነው፤ የስቲም ተርባይን አባት። ተርቢኒያ የተባለችውን 31 ሜትር ገደማ የምትረዝም መርከብ በ1894 ውሃ ላይ ሲያወርዳት ተርባይኑ እንደ ልብ ይሽከረከራል፣ መርከቧ ግን 20 ኖት መድረስ አቃታት። ፕሮፔለሩ ከልክ በላይ ሲፈጥን በክንፉ ጀርባ ያለው ግፊት ይወርዳል፤ ውሃውም እዚያው ወደ ተን ይለወጥና ክንፉ የሚይዘው ያጣል። ዛሬ ካቪቴሽን የምንለው ነው። ፓርሰንስ ሒሳቡን ብቻ ይዞ አልተቀመጠም። በ1895 መስኮት ያለው ትንሽ የውሃ ማሽከርከሪያ ሠርቶ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያላት ፕሮፔለር ከተተና አረፋው ሲፈጠር በዓይኑ አየው። ከዚያ አንዱን ዘንግ በሦስት ተካ፤ በእያንዳንዱ ላይ ሦስት ሦስት፣ በድምሩ 9 ፕሮፔለር ገጠመ። በ1897 ለንግሥት ቪክቶሪያ በተዘጋጀው የስፒትሄድ የባሕር ኃይል ትርኢት ላይ ተርቢኒያ በ34 ኖት ገደማ ፍጥነት በጦር መርከቦቹ መካከል ተፈተለከች። ዛሬ ኒውካስል ከተማ ሙዚየም ውስጥ ትታያለች።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። በ1975 ዓ.ም. ለትምህርት ሌኒንግራድ ነበርኩ። የዶርም ጓደኛዬ ልጆች ከትምህርት በኋላ የሞዴል ጀልባ ወደሚሠሩበት ክበብ ወሰደኝ። የሚወዳደሩት በሽቦ ከምሰሶ ጋር ታስረው በሚዞሩ ጀልባዎች ነው፤ አንዱ ዙር 100 ሜትር፣ ውድድሩ አምስት ዙር። ትንሿ ክፍል 2.5 ሲሲ ሞተር ነው የምትይዘው። ፕሮፔለሯ ሁለት ክንፍ ብቻ ያላት ብረት ናት፤ ስትሮጥ ግማሿ ከውሃ በላይ ነው። ፓርሰንስን ያስቸገረውን ባዶ ቦታ እዚህ አየር ይሞላዋል።

የ13 ዓመት ልጅ የነበረ አንድ ተወዳዳሪ ፕሮፔለሩን እንድስልለትና ሚዛኗን እንዳስተካክል ሰጠኝ። ዲግሪ ያለው ሰው ነው ብሎ አምኖኝ ነው። እኔም ሒሳቡን በጣቴ ጫፍ ነበር የማውቀው፦ በደቂቃ 20,000 ጊዜ በምትዞር ፕሮፔለር ላይ፣ ከመሐሏ 15 ሚሊ ሜትር ርቆ የቀረ የግራም አንድ አሥረኛ ትርፍ ክብደት ዘንጉን የሁለት ሦስተኛ ኪሎ ያህል ኃይል ሆኖ ይጎትተዋል። ያውም በሰከንድ 333 ጊዜ አቅጣጫውን እየለዋወጠ። ኩሽኔታው ምን ያህል ይችላል?

መመዘኛው ቀላል ነው። ፕሮፔለሯን ቀጥ ባለ ቀጭን ዘንግ ላይ ታደርጋለህ፤ ዘንጉን ስለታቸውን ወደ ላይ አድርገው እኩል በቆሙ ሁለት ምላጮች ላይ ታስቀምጣለህ። ከባዱ ክንፍ ወደ ታች ይወርዳል። እኔ ውሃውን ቀድሞ የሚቆርጠውን ጠርዝ ሳልኩ፣ ከዚያ ከባዱን ክንፍ ከጫፉ በሞረድ ቀነስኩለት። በምላጩ ላይ እንዴት አድርገው ቢያስቀምጧት ዝም አለች። ኮራሁ።

ውድድሩ ውሃው በረዶ ከመሆኑ በፊት የመጨረሻው ነበር። ሁለተኛው ዙር ላይ ጀልባዋ መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ ሦስተኛው ላይ ዘንጉ ተጣመመና ሞተሩ ጠፋ። ልጁ አላለቀሰም፣ አልተሳደበም። ፕሮፔለሯን ፈትቶ ምላጩ ላይ አስቀመጣት፤ ዝም አለች። ከዚያ ካሊፐር አውጥቶ ሁለቱን ክንፎች ለካና ቁጥሩን እንዳነብ ወደ እኔ ዘረጋው። አንዱ አጭር ነበር።

ለካ ሁለቱን ክንፎች በክብደት አስተካክዬ በሥራ አበላልጬአቸዋለሁ! ግማሿ ከውሃ ውጭ በሆነች ፕሮፔለር ላይ ክንፎቹ ተራ በተራ ነው የሚገቡት፤ ረጅሙ በኃይል ይገፋል፣ አጭሩ በደካማው። ምላጭ ይህን አይመዝንም። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ሌላ ነው፦ አስቀድሞ የሁለቱ ርዝመት፣ ቅርጽና ጥምዝ ይመሳሰላል፤ ቀጥሎ ስለቱ ይወጣል፤ ሚዛኑ የሚስተካከለው መጨረሻ ላይ፣ ከከባዱ ክንፍ ጀርባ ውፍረት በብርጭቆ ወረቀት በጥቂት በጥቂቱ በመቀነስ ነው። ውሃውን የሚገፋው ፊት አይነካም። እንደገና ከተሳለ እንደገና ይመዘናል። (ዛሬ ብዙ ተወዳዳሪዎች የሚጠቀሙት ቤሪሊየም ያለበት መዳብ ነው፤ ብናኙ ሳንባ ስለሚጎዳ በውሃ እያረጠቡ፣ ጭንብል አድርገው ነው የሚሠሩት።)

በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ ማታ ማታ እየሄድኩ አዲስ ፕሮፔለር ሠራሁለት። በፀደይ ይዤለት ስሄድ ልጁ የራሱን ሠርቶ ጨርሶ ነበር። የእኔንም ለካው፤ «ይህቺስ ደህና ናት» ብሎ ለመጠባበቂያ ተቀበለኝ። አጭር ክንፍ ያላትን አሮጌዋን ግን መለሰልኝ።

አገር ቤት ገብቼ በፋብሪካ በቆየሁባቸው ዓመታት፣ ክንፉ ተሰብሮ የተበየደ የፋን ወይም የፓምፕ ክፍል በመጣ ቁጥር «ሚዛኑ ልክ ነው» ሲሉኝ «ክንፎቹስ ተለክተዋል?» ማለት ልማዴ ሆነ። አንዳንዱ «ኧረ ይኼ ሰውዬ!» ይለኝ ነበር።

ስሚዝ ከኩሬ፣ ፓርሰንስ ከ5 ሳንቲ ሜትር ፕሮፔለር ተምረዋል። እኔ ደግሞ ከ13 ዓመት ልጅ። ዛሬ ግቢያችን ውስጥ የምታስተምሩ መምህራን፣ የዎርክሾፑ ሰዓት በዝቷል ተብሎ ሲነሳ ይህን አስታውሱልኝ። በዘንድሮው መሰባሰብ ላይ ፕሮፔለሯን ይዤ እመጣለሁ። ከእናንተ የሚፈለገው ሁለት ምላጭና አንድ ካሊፐር ብቻ ነው፤ ምላጩ ላይ ዝም ስትል አትመኗት።